በሰው አገር ወዳጅ ማፍራት፦ ሪዋቅና ሐልቃ

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔታችን አንባቢዎች የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ከአንድ አባት የደረሰን ደብዳቤ ነው። የእኚህ አባት ልጅ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። አባት ደስታቸውን ከገለጹልን በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ እንደነሳቸው ይነግሩናል። የሚሄድበት አገር ሕዝብ በሃይማኖትም በልማድም ከኛ የተለየ ነው። «ከማንም ጋር አትቀራረብ ብዬ ልምከረው? ወይስ ከሰው ተግባባ ልበለው? ከተግባባ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ካልተግባባም ብቻውን ሆኖ እንዳይታመምብኝ ፈራሁ» ይላሉ።

ይህ የእኚህ አባት ጭንቀት ብቻ አይደለም። ዛሬ ልጆቻችን ወደ ቱርክ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ህንድ፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ለትምህርት ይሄዳሉ። ሻንጣቸውን ስናዘጋጅ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቡናውን እንቋጥርላቸዋለን። ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ የምንቋጥርላቸው ስንቅ ግን ብዙውን ጊዜ «ተጠንቀቅ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ብቻውን ለአራትና ለአምስት ዓመት ስንቅ አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ለትምህርት ከአገሩ የወጣ ሰው የራሱን ሳይጥል የሌላውን ወዳጅነት እንዴት እንደሚያገኝ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን። ነገራችን ባዶ ምክር እንዳይሆን፣ አስቀድመው በዚህ መንገድ ካለፉ ሰዎች ታሪክ እንጀምራለን።

ለዕውቀት መውጣት የቆየ ልማዳችን ነው

ዕውቀት ፍለጋ ከአገር መውጣት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከባሌ፣ ከአርሲና ከጅማ የተነሳ ደረሳ ኪታብ ሊቀራ ወሎ ድረስ ይሄድ ነበር። ሲደርስ ዘመድ የለውም፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። የሚያድረው የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ራት ነበር። ዓመታት ቆይቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ ግን የሚይዘው ኪታቡን ብቻ አልነበረም። የአገሩን ቋንቋና መንዙማም ይዞ ይመለሳል፤ «ልጃችን» የሚሉትን ቤተሰቦችም ከኋላው ትቶ ይሄዳል።

ከዚያ የራቀው መንገድ ደግሞ ወደ ካይሮ፣ ወደ አል-አዝሀር ያደርስ ነበር። ግንባታው እ.ኤ.አ በ970 በተጀመረው በዚህ ታላቅ መስጊድ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች እንደየመጡበት አገር በተለየ ማደሪያ ይኖሩ ነበር። ማደሪያው ሪዋቅ ይባላል። የመግሪቦች፣ የቱርኮች፣ የሻሞችና የጃዋዎች ሪዋቅ ነበር። ከሀበሻና ከአካባቢው ለሚሄዱ ሙስሊሞችም «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው።

ውድ አድማጮች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሪዋቁ ለተማሪው ቤቱ ነው። የአገሩን ሰው ያገኝበታል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያወራበታል፤ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲቸግረው የሚያበድረው አያጣበትም። ትምህርቱን የሚያገኘው ግን ሪዋቁ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም። ወደ መስጊዱ ወጥቶ፣ ከየአገሩ ከመጡት ጋር በሸይኹ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ያ ክብ ሐልቃ ይባላል። ሪዋቅ ማንነቱን ይጠብቅለታል፤ ሐልቃ ደግሞ ከሰው ጋር ያገናኘዋል። የጥንቶቹ ሁለቱንም ይፈልጉ ነበር። የዛሬው ትምህርታችንም በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ የቆመ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚያፈሩ የቡና ታሪክ ያሳየናል። ቡና መገኛው አገራችን ነው። ወደ ካይሮ የገባው ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በአል-አዝሀር በየመኖች ሪዋቅ በኩል ነበር። የመናውያኑ ሌሊት ለዚክር ሲነቁ እንቅልፍ እንዲያባርርላቸው ይጠጡት ነበር። በዙሪያቸው ያሉት ቀመሱት፤ ከዚያም ከሪዋቁ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ከአገራቸው የራቁ ተማሪዎች ለራሳቸው ብለው የያዙት ነገር ለታላቅ ከተማ ስጦታ ሆነ ማለት ነው።

ከሪዋቅ አል-ጀበርት የወጣ ቤተሰብ

ከጀበርት ሪዋቅ ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ ቤተሰብ አለ። የግብጽን ታሪክ የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ 1753–1825) የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት አገር ተነስተው ካይሮ ገቡ፤ የሪዋቁ ኃላፊነትም በዚያው ቤተሰብ ቆየ።

አባቱ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በ1774 ያረፉ የፊቅህና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። ቱርክኛና ፋርስኛ ተምረው ስለነበር ከየአቅጣጫው የሚመጣ እንግዳ ቤታቸውን ያዘወትር ነበር። ልጃቸው ስለ እሳቸው ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ በጣም ያስገርማል። በ1159 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ1746 ገደማ፣ ከፈረንጅ አገር የመጡ ተማሪዎች ወደ ሸይኹ ቀርበው የሂሳብ ቅርጾችን ዕውቀት፣ ሀንደሳን፣ ተማሩ። ሲሄዱም ከአገራቸው የእጅ ሥራና መሣሪያ ስጦታ አበረከቱላቸው።

ይህን ስንሰማ ልባችን ሊሞላ ይችላል፤ ሊሞላም ይገባል። ነገር ግን ታሪኩን ለኩራት ብቻ አንውሰደው። ዘሩ ከኛ አካባቢ የሆነ ሸይኽ በካይሮ ለፈረንጅ ያስተማረው፣ ቤተሰቡ ከሪዋቁ በር ወጥቶ ከከተማው ጋር ስለኖረ ነው። ሰው ወደ እሳቸው የመጣው የሚሰጡት ዕውቀት ስለነበራቸው ነው። በሰላም የሄደውም በክብር ስለተቀበሉት ነው።

ፓሪስ የሄደው ኢማም

ከዚህ ታሪክ 80 ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። የአል-አዝሀር ተማሪ ወደ ፈረንጅ አገር ሄደ።

የግብጽ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ በ1826 ከ40 የሚበልጡ ተማሪዎችን ወደ ፓሪስ ላከ። ሶላት የሚያሰግዳቸው ኢማም ያስፈልግ ነበር። ሸይኽ ሐሰን አል-ዐጣር በ1801 የተወለደውን ተማሪያቸውን ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊን ለዚህ ሥራ ጠቆሙት። እኚህ ሸይኽ ነገሩን ያውቁታል። በ1798 የፈረንሳይ ጦር ግብጽ ሲገባ ካይሮን ለቀው ሸሽተው ነበር። ሲመለሱ ግን ከጦሩ ጋር ከመጡት ምሁራን ጋር ተዋወቁ፤ ዐረብኛ አስተማሯቸው፤ ከእነሱም ዕውቀት ቀሰሙ። ስለዚህ ሪፋዓን ሲሸኙት የሚያየውን ሁሉ እንዲጽፍ መከሩት። ከሰው ራቅ ብለው አላሰናበቱትም፤ ዓይንህን ክፈትና መዝግብ አሉት እንጂ።

ሪፋዓ የሄደው ኢማም ሆኖ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ላለመማር ምክንያት ነበረው። እሱ ግን ማርሴይ ወደብ ገና እንደገቡ፣ በ30 ቀን ያህል ውስጥ የቋንቋውን ፊደል ከጓደኞቹ ጋር አጠና። ከበሽታ ለመጠበቅ ተለይተው በተቀመጡበት ቤት የመጀመሪያው ማዕድ ሲቀርብ የገጠመውንም ጽፏል። ምንጣፍ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ወንበርና ከፍ ያለ ጠረጴዛ ቀረበ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን፣ ቢላዋና ሹካ ተሰጠው። ከአንድ ትሪ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሪፋዓ ግን አልሳቀበትም፤ አልተናደደበትምም። ምን እንዴት እንደሚደረግ አስተውሎ ለአገሩ ሰው አስረዳ።

ከሁሉ በላይ ለኛ ትምህርት የሚሆነን ቀጥሎ የሆነው ነው። ተማሪዎቹ ፓሪስ እንደገቡ ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ቤት አብረው ኖሩ። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይማራሉ፤ እርስ በርስ በለመዱት ቋንቋ ያወራሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሪፋዓ ራሱ እንደመሰከረው፣ ከሰዋስው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አላገኙም። ከዚያ በኋላ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት እየሆኑ በየትምህርት ቤቱ ከፈረንሳይ ልጆች ጋር ወይም በየመምህሩ ቤት ተከፋፈሉ። ትምህርቱ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በኛ ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ መጀመሪያ ሪዋቅ ብቻ ነበራቸው፤ በኋላ ሐልቃ አገኙ።

ሪፋዓ በዚያ ሐልቃ ካገኛቸው ሰዎች አንዱ የዘመኑ ታላቅ የዐረብኛ ምሁር ሲልቬስትር ደ ሳሲ (1758–1838) ነው። ይህ ሰው የሐሪሪን መቃማት ከዐረብኛ ማብራሪያ ጋር አሳትሟል። ሆኖም መጽሐፍ በእጁ ካልያዘ ዐረብኛ መናገር ይቸግረው እንደነበር ሪፋዓ ታዝቧል። እንግዲህ እዩት፤ አንዱ ዐረብኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣው ነው፣ ፈረንሳይኛ ግን ይከብደዋል። ሌላው ስለ ዐረብኛ መጽሐፍ የጻፈ ነው፣ ምላሱ ግን አይታዘዝለትም። እያንዳንዱ ለሌላው የሚጎድለውን ይዟል። ወዳጅነት የበቀለው በዚህ መካከል ነው።

ወዳጅነቱ የምስጋና ልውውጥ ብቻ አልነበረም። ሪፋዓ ስለ ፓሪስ የጻፈውን ረቂቅ ደ ሳሲ አነበበለትና አመሰገነው፤ አንድ ስህተቱንም ነገረው። የፓሪስንና የታላላቅ ከተሞችን ሰው አይተህ በፈረንሳይ ሕዝብ ሁሉ ላይ ፈረድክ አለው። ሪፋዓ ምን አደረገ? አስተያየቱን አልደበቀውም፤ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1834 በካይሮ ቡላቅ ማተሚያ ቤት ታተመ። ስህተትህን የሚነግርህን የሰው አገር ሰው ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው። ያንን መስማት ደግሞ የወዳጅነት ፈተና ነው።

ሪፋዓስ ጠፋ ወይ? አልጠፋም። የእስልምናን ሕግ የሚጻረረውን ነገር እንደማያደንቅ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አስቀድሞ ተናግሯል። የፓሪስን ሰዎች ለዕውቀት ያላቸውን ፍቅር፣ ንጽሕናቸውንና ለእንግዳ ያላቸውን ቅርበት አመሰገነ። እጃቸው ለስጦታ እንደ ዐረቦች የተፈታ አለመሆኑንም ሳይሸሽግ ጻፈ። ደግነቱን ደግ፣ ጉድለቱን ጉድለት አለ። በ1831 ወደ አገሩ ተመልሶ በ1835 የተከፈተውን የቋንቋዎች ትምህርት ቤት መራ፤ ብዙ መጻሕፍትም በእሱና በተማሪዎቹ እጅ ወደ ዐረብኛ ተመለሱ። እንደ ኢማም ሄዶ እንደ ኢማም ተመለሰ፤ የያዘው ግን ሲሄድ ከነበረው በእጅጉ የበዛ ነበር።

በእኛ ላይ የደረሰው

የታላላቆቹ ታሪክ እንዲህ ከሆነ፣ እኛም በተማሪነታችን ጊዜ የደረሰብንን አንድ ሁለት ነገር እናውጋችሁ። ለካይሮ አዲስ በነበርንበት ጊዜ ከአገራችን ልጆች ተለይተን አናውቅም ነበር። አብረን እንበላለን፤ አብረን መስጊድ እንሄዳለን፤ ማታ ማታ ስለ አገር እናወራለን። ደስ ይላል። ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ ከጎናችን ያለውን ክፍል ነዋሪ ስም አናውቅም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአንድ የኢንዶኔዢያ ተማሪ ጋር ተስማማን። እሱ ተጅዊዱ ያማረ ነው። እኛ ደግሞ ከአገራችን ሸይኾች የቀራነው ነሕው ነበረን። እሱ ተጅዊድ ሊያስተምረን፣ እኛ ነሕው ልናስተምረው «ነገ ሦስት ሰዓት» ተባባልን። በማግሥቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት መስጊድ ደረስን። ሰውየው የለም። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅንና ተናደን ሄድን። ለካ እሱም ከዙሁር በኋላ በእሱ ሦስት ሰዓት መጥቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ ተናዶ ሄዷል!

ለአንድ ሳምንት ያህል ስንገናኝ ፊት ተዟዟርን። እኛ ኩራታችንን ይዘን ቀረን። እሱ ግን ከኛ የተሻለ ነበርና መጥቶ በራችንን አንኳኳ፤ ምን እንደበደለንም ጠየቀን። ነገሩ ሲገለጥ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን። በሀበሻ አቆጣጠር ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እንደሚቆጠር አስረዳነው። «ታዲያ የናንተው አይሻልም?» አለን። እንዲያውም ሰዓትን ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ መቁጠር በዑስማኒያ ዘመን በካይሮም የተለመደ እንደነበር በኋላ ተማርን። ከዚያ ወዲህ በቀጠሯችን ላይ «በሀበሻ ወይስ በጃዋ?» መባባል ልማዳችን ሆነ። ያ ሰው ዛሬም ወዳጃችን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ አያስቅም። ከመካከላችን አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እኛ ለዕረፍት ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ እሱ ብቻውን ቀረ፤ ትኩሳትም ጣለው። እኛ የለንም፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለውም። ከፎቁ ማዶ የሚኖር የኡዝቤኪስታን ተማሪ ግን ጧት ጧት «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚለው ልጅ ለሁለት ቀን አለመታየቱን አስተዋለ። በሩን አንኳኳ፤ ሲያየው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰደው። ሐኪሙ ሌላ ቀን ቢዘገይ ነገሩ ይከፋ እንደነበር ነገረው። በሁለቱ መካከል ከዚያ በፊት ከሰላምታ በቀር አንዲት ቃል አልተነገረችም። አንዲት ሰላምታ ናት የልጁን ነፍስ በአላህ ፈቃድ ያተረፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከአገሬ ሰው በቀር ማንም አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ስንሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለናል።

ለሚሄዱ ልጆቻችን

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች ተነስተን ለሚሄዱ ልጆቻችን ጥቂት ነጥቦችን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቀድመህ ሰላም በል። ሰላምታ በየአገሩ ልዩ ነው። በአንዱ አገር እጅ ይጨበጣል፤ በሌላው አንገት ዝቅ ይደረጋል። ሰላምታቸውን በቋንቋቸው ለማወቅ ከአንድ ቀን በላይ አይወስድም። የሶሐባዎች ታሪክ እዚህ ላይ ለኛ ልዩ ጣዕም አለው። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ወላጆቿ በሀበሻ በስደት ሳሉ የተወለደች ልጅ ናት። መዲና ስትመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጠኛ ልብስ አልብሰዋት በሀበሻ ቃል «ሰናህ» አሏት፤ ቆንጆ ነው ማለት ነው። ዛሬም በግዕዝ «ሠናይ» እንላለን። ለአንዲት ሕፃን ልብ ሲባል የሰው አገር ቃል ከተነገረ፣ እኛ የጎረቤታችንን ሰላምታ ለመማር ለምን እንሰንፋለን?

ሁለተኛ፣ የምትሰጠው ነገር ይኑርህ። ትልቅ ነገር አይደለም። ቡና ማፍላት ታውቃለህ፤ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ታውቃለህ፤ 13 ወር ስላለው የዘመን አቆጣጠራችን ማስረዳት ትችላለህ። በሳምንት አንድ ሰዓት ቀጠሮ ያዝ፤ ግማሹን በቋንቋህ አስተምር፣ ግማሹን በቋንቋው ተማር። በዓመት አንድ ቀን የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት መልካም ነው፤ ወዳጅነት የሚያፈራው ግን በየሳምንቱ የምትመለስበት ያች አንዲት ሰዓት ናት።

ሦስተኛ፣ ድንበርህን ቀድመህ፣ በአዳብ ተናገር። ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። መጠጥ ወዳለበት ቦታ ሲጋበዙ አንዳንዱ አፍሮ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰበብ ፈጥሮ ይሸሻል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። «እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት መጠጥ በሚጠጣበት ቦታ አልቀመጥም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ» በል። እምቢታህን ከግብዣ ጋር ስትሰጠው ሰው አይቀየምህም። ከተቃራኒ ጾታ ጋር የማትጨባበጥ ከሆነ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ በፈገግታ ሰላም በል፤ ምክንያቱንም በሁለት ቃል አስረዳ።

አራተኛ፣ ድንበር ያለህ አንተ ብቻ አይደለህም። ህንድ አገር የበሬ ሥጋ ፈጽሞ የማይቀምሱ፣ ጭራሽ ሥጋ የማይበሉም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጓደኛህን ጋብዘህ ጥብስ ብታቀርብለት አልጋበዝከውም። ሽሮና ምስር ወጥ አለልህ። ከመጋበዝህ በፊት ምን እንደማይበላ ጠይቀው። አንተ ስለ ሐላል ምግብ ስትጠየቅ እንደሚሰማህ ደስታ እሱም ይሰማዋል።

አምስተኛ፣ በአንድ ሰው ሕዝብን አትፍረድ። ደ ሳሲ ለሪፋዓ የነገረውን አስታውስ። ቀለምህን ወይም ስምህን አይቶ ፊቱን የሚያዞርብህ ሰው ይገጥምሃል። ይህ ያማል፤ አያምም ብለን አንዋሽም። የዚያን ሰው ክፋት ግን በዚያው ሰው ላይ ተወው፤ ለአገሩ ሁሉ አታድለው። ወዳጅነትንም አትለምን። በሩን የዘጋብህን ትተህ ወደ ሌላው እለፍ። ሁሉም ወዳጅ አይሆንም፤ አገራችን ውስጥም ሁሉም ወዳጃችን አይደለም።

ስድስተኛ፣ ሪዋቅህን አትልቀቅ። ለጁምዓ የሚሰበሰቡትን፣ የአገርህን ልጆች፣ ሶላትህን አስበህ የምትቀሰቅስህን ጓደኛ አጥብቀህ ያዝ። ሰው የሚጠፋው ከሌላው ጋር በመነጋገሩ ሳይሆን የሚመለስበት ቤት ሲያጣ ነው። በየቀኑ ወደ ሪዋቁ የሚመለስ ሰው በሐልቃው ውስጥ ምንም ያህል ቢቆይ መንገዱ አይጠፋውም።

ለእኚያ አባት

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰዎችን ሁሉ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ፈጥሮ በነገድና በጎሳ የለያየን እንድንተዋወቅ መሆኑን ያስተምረናል። እሱ ዘንድ የበላጫችን መለኪያም ተቅዋ እንደሆነ ያስታውሰናል። ልብ በሉ፤ መተዋወቅና ተቅዋ በአንድ አንቀጽ ተሰብስበዋል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም ማለት ነው።

የተከበሩ አባታችን፣ ለጥያቄዎ መልሳችን ይህ ነው። ልጅዎን «ከማንም ጋር አትቀራረብ» ብለው አይሸኙት። ብቸኛ ልጅ የተጠበቀ ልጅ አይደለም። ብቸኝነት ሲያስጨንቀው የመጀመሪያ የጠራውን ይከተላልና፣ ወዳጅ መምረጥን ያወቀ ልጅ ከእሱ ይልቅ የተጠበቀ ነው። «ከሁሉ ጋር ተግባባ» ብለውም ብቻ አይተዉት። ሁለት ነገር ይንገሩት። ሪዋቅ ይኑርህ፣ ሐልቃም ይኑርህ ይበሉት። በየሳምንቱ ሲደውልልዎትም «ሰገድክ ወይ? በላህ ወይ?» ከማለት ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት፤ «በዚህ ሳምንት ከማን ምን ተማርክ? ለማንስ ምን አስተማርክ?» ይበሉት። መልስ ካለው እሰየው። መልስ ካጣ ደግሞ ያን ጊዜ ይምከሩት።

ቡናውንም ትንሽ ጨምረው ይቋጥሩለት። ለራሱ ብቻ የሚበቃ አይሁን፤ ጎረቤት የሚጠራበትም ይሁን።

አላህ በየሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። በዕውቀት አበልጽጎ፣ ከመልካም ወዳጆች ጋር አገናኝቶ በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።